ማንበብና መሸምደድ

ክምር ታይቶ እህል አይቆጠርም። ክምሩ ከሩቅ ሲያዩት ትልቅ ሊሆን ይችላል። ፍሬው ከገለባው የሚለየው ግን አውድማ ላይ ተወቅቶ፣ በመንሽ ተበትኖ ነው። ትምህርትም እንደዚሁ ነው። ልጅ ደብተር ይዞ ስለወጣና ስለገባ ብቻ ተማረ አይባልም።

በዚህ ትምህርት «ልጃችን በእውነት ያነባል ወይስ የሰማውን ይደግማል?» የሚለውን ጥያቄ እንመለከታለን። መልሱን ለማግኘት ትልቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም። ይህን ገጽ ማንበብ የቻለ ወላጅ ሁሉ ሊያገኘው ይችላል።

1. አንድ ምሽት

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ ዳባትን አልፎ ወደ ስሜን ተራሮች ግርጌ ይዘልቃል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የሚዘራባቸው መንደሮች አሉ። ከነዚህ መንደሮች በአንዱ አንድ ምሽት በእንግድነት አደርን። ብርድ ስለነበረ ሁላችንም እሳቱን ከበን ተቀምጠናል። የቤቱ እናት ፊደል የቆጠሩት ከጎለመሱ በኋላ ነው። አሁን ቀስ እያሉ ያነባሉ። ልጃቸው ደግሞ ሦስተኛ ክፍል ነው።

«እስቲ ለእንግዶቹ አንብብላቸው» አሉት እናቱ።

ልጁ መጽሐፉን ገልጦ፣ በጣቱ እየጠቆመ፣ ሳያቋርጥ ተወጣው። ስለ እረኛና ስለ በጎች የሚናገር ትምህርት ነው። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። አባቱ ፈገግ አሉ። እኛም «ጎበዝ!» አልነው።

እናቱ ግን ጠጋ ብለው መጽሐፉን አዩ። «ቆይ እስቲ የኔ ልጅ፤ አፍህ ‹ውሃ ጠጡ› ይላል፤ ጣትህ ያለው እኮ ‹እረኛው› ከሚለው ላይ ነው» አሉት። ልጁ ዝም አለ። እናቱ ገጾቹን ወደፊት ገለጡና ሌላ ቦታ አሳዩት። «ይችን አንብብልኝ።»

ልጁ ሥዕሉን አየ። ከዚያም እናቱን አየ። «እማ፣ እሷን ገና አልተማርናትም» አለ።

ቤቱ ጸጥ አለ። «ይኸው ሦስተኛ ዓመቱ!» አሉ አባቱ። «እሱ ይማር ብዬ በጎቹን እኔ ስጠብቅ!»

እናቱ አልተቆጡም። መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አድርገው ጥቂት ቆዩ። ከዚያም «እኔ ፊደል ባልቆጥር ኖሮ፣ ዛሬም ‹ጎበዝ› ብዬው እተኛ ነበር» አሉ።

ይህን አነጋገር አልረሳነውም። እኛ የተማርነው «ጎበዝ» ብለን አልፈን ነበር። ስህተቱን ያየችው ጠጋ ብላ ከጣቱ ጋር ያነበበች እናት ናት።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። አንድ ገጽ ሙሉ በጆሮው ሰምቶ፣ ቃል ሳያጓድል የያዘ ልጅ አእምሮው ብሩህ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ልጁ መሸምደድ ተማረ እንጂ ማንበብ አልተማረም።

2. ማንበብ ምንድን ነው?

ማንበብ ሦስት ነገሮችን ባንድ ላይ መሥራት ነው። ፊደሉን መለየት፣ ፊደሎቹን አያይዞ ቃል ማድረግ፣ ከቃሉ ሐሳቡን ማግኘት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ንባብ የለም።

የመጀመሪያው ፊደል ነው። የኛ ፊደል 33 ዋና ዋና ፊደሎች አሉት። እያንዳንዱ 7 መልክ አለው። 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። ዲቃላ የሚባሉት እንደ ቧ እና ሏ ያሉት ሲጨመሩ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ ለኛ ልጆች ፊደል መለየት ጊዜ የሚጠይቅ ሥራ ነው። «ሀ ሁ ሂ» ብሎ በዜማ መውጣት ብቻውን ፊደል ማወቅ አይደለም። ዜማውን ይዞ ፊደሉን የማያውቅ ልጅ ብዙ ነው።

የጥንት የኔታዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በጎንደርና በስሜን አገር በደብሩ ቅጥር ፊደል ያስቆጠሩ መምህራን ልጁን በ«ሀ ሁ» ብቻ አይለቁትም ነበር። ቀጥሎ «አቡጊዳ» አለ። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ ሲሄድ የፊደሉ ተራ ተዘበራርቋል። የተዘበራረቀው በከንቱ አይደለም። ልጁ በዜማ ሳይሆን በመልኩ ፊደሉን መለየቱ እንዲታወቅ ነው። እንግዲህ «ልጁ ያነባል ወይስ ይሸመድዳል?» የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። ከአያት ቅድመ አያት የወረስነው ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ፊደሎችን አያይዞ ቃል ማድረግ ነው። ይህ በፍጥነት ካልሆነ ሦስተኛው፣ ማለትም ሐሳቡን ማግኘት፣ ይቸግራል። ውሃ በእፍኙ ይዞ ከሩቅ ምንጭ የሚመጣን ሰው አስቡ። ሲዘገይ ውሃው በጣቶቹ መካከል ይፈስሳል። እቤት ሲደርስ እፍኙ ባዶ ነው። ፊደል በፊደል እየተንገዳገደ የሚያነብ ልጅም እንዲሁ ነው። ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያው ከአእምሮው ጠፍቷል። ስለዚህ «ምን ይላል?» ቢሉት አያውቅም። መድኃኒቱ ልምምድ ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማንበብ።

ሦስተኛው ሐሳቡን መረዳት ነው። እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች አንብቡ።

«ና» አለ።
በሬው በረት ውስጥ አለ።

«አለ» የሚለው ሁለቱም ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል ተጽፏል። ስናነበው ግን አንዱ ይላላል፣ አንዱ ይጠብቃል። ትርጉሙም ለየቅል ነው። እነዚህንም ጨምሩ።

ልጁ ገና ትንሽ ነው።
የገና በዓል ደረሰ።

«ገና» የሚለውን አጥብቀን ወይስ አላልተን እንደምናነበው የሚነግረን ሐሳቡ ነው። ፊደሉ ብቻውን አይነግረንም። ስለሆነም ሐሳቡ ያልገባው ሰው የኛን ጽሑፍ አስተካክሎ ማንበብ አይችልም።

3. ችግሩ የአንድ ቤት ብቻ ነው?

አይደለም። የአገር ችግር ነው። እስቲ ከወዴት እንደመጣ እንይ።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በአገራችን ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በገበሬ ማኅበርና በቀበሌ ጎልማሶች ፊደል ቆጠሩ። በፈረንጆች 1980 ዩኔስኮ የተባለው የዓለም የትምህርት ድርጅት ለዚህ ሥራ ሽልማት ሰጠ። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ወዲያው ታየ። ፊደል የቆጠረ ሰው የሚያነበው ካላገኘ የተማረውን ይረሳል። ስለዚህ የክትትል ማንበቢያ መጻሕፍት ታተሙ፤ የንባብ ቤቶችም ተቋቋሙ። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። እውቀት እንደ እሳት ነው፤ እንጨት ካልጨመሩበት ይጠፋል።

ከዚያ በኋላ ደግሞ የልጆች ትምህርት ተስፋፋ። በ1986 ዓ.ም. አዲስ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። በዚያን ጊዜ በመላ አገሪቱ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁጥር 3 ሚሊዮን ያህል ነበር። በ2001 ዓ.ም. ከ15 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ይህ ትልቅ ድል ነው። የእረኛውም ልጅ፣ የሴቷም ልጅ ከትምህርት ቤት በር ደረሰ።

ግን እስቲ አስቡት። ለ3 ሰው የተሠራ ወጥ ለ15 ሰው ቢቀርብ ምን ይሆናል? ውሃ ይጨመርበታል። ድስቱ ይሞላል፤ ወጡ ግን ይቀጥናል። ትምህርቱም እንዲሁ ቀጠነ። መምህር፣ መጽሐፍና ክፍል በተማሪው ልክ በፍጥነት ሊበዙ አልቻሉም።

በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች የልጆች የንባብ ፈተና ተደረገ። ለሁለተኛ ክፍል ልጆች ለክፍላቸው የሚመጥን አጭር ታሪክ ተሰጣቸው። ከ100 ልጆች 34ቱ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት ቀላል ጥያቄዎች አንዱን እንኳ ያልመለሱት ከ100 ልጆች 48 ነበሩ። በሦስተኛ ክፍልም ቢሆን ከ100 ልጆች 20ው አንዲት ቃል አላነበቡም። ይህ ማለት ከአምስት ልጆች አንዱ ማለት ነው። እሳት ዳር ያየነው ልጅ ብቻውን አልነበረም።

ሥሩ የደከመ ዛፍ ጫፉ ላይ ይታወቃል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ከ100 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3 ያህል ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም.ም እንዲሁ 3 ያህል ነበሩ። ሕዝቡ ደነገጠ። ነገር ግን ከ12ኛ ክፍል የወደቀው ልጅ መውደቅ የጀመረው በዚያ ዓመት አይደለም። ብዙውን ጊዜ መውደቅ የሚጀምረው በታችኛው ክፍል፣ ንባብ ሳይገባው ሲታለፍ ነው።

እዚህ ላይ ወላጅ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በ1986ቱ ፖሊሲ መሠረት ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ክፍል እንዳይደግሙ፣ በተከታታይ ምዘና እየታዩ እንዲያልፉ ተደርጎ ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ሕፃናት በመውደቅ ተስፋ ቆርጠው እንዳይቀሩ ነው። ነገር ግን ምዘናው በሚገባ ካልተሠራ፣ የማያነብ ልጅም ካነበበው ጋር እኩል ያልፋል። ስለዚህ «ልጄ አልፏል» ማለት «ልጄ ያነባል» ማለት አይደለም።

4. መሸምደድ ከየት ይመጣል?

በማግስቱ ከእናትየዋ ጋር ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። ትምህርት ቤቱ አነስተኛ ነው። ክፍሎቹ አራት ብቻ ናቸው። መምህሩ ወጣት ነው። እናትየዋ በትሕትና «መምህር፣ ልጄ ይደግማል እንጂ አያነብም። ጥፋቱን ልናገር አልመጣሁም። ምን ላግዝ ብዬ ነው» አሉት።

መምህሩ ጥቂት አሰበና እውነቱን ነገረን። «በአንድ ክፍል 60 ልጅ አለኝ። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ሁሉንም አንድ በአንድ ላስነብብ ብል ለአንዱ የሚደርሰው 40 ሴኮንድ ነው። መጽሐፉም ለሦስት አንድ ነው። ስለዚህ እኔ አነባለሁ፤ እነሱ ይከተሉኛል።»

እንግዲህ መሸምደድ የሚወለደው እዚህ ነው። ልጆች ባንድ ድምፅ ሲጮኹ የሚያነበውና የማያነበው አይለይም። ጎበዙ ይመራል፤ ሌላው በጆሮው ይከተላል። መጽሐፍ ፊቱ የሌለ ልጅ ደግሞ ከጆሮው ሌላ ምን አለው?

ከመምህሩ ጋር ተቀምጠን ሒሳብ ሠራን። 60 ልጆችን በአንድ ቀን ማስነበብ አይቻልም። በቀን 10 ልጆችን ማስነበብ ግን ይቻላል። ለአንዱ 2 ደቂቃ ቢሰጥ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ቀሪው 20 ደቂቃ ለሌላው ትምህርት ይተርፋል። እንዲህ ሲሆን በ6 ቀን ውስጥ ሁሉም ልጅ ብቻውን ያነባል። አሥሩ ከመምህሩ ጋር ሲያነቡ ሌሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይለማመዳሉ። የሚያነብ ልጅ ከማያነብ ልጅ ጋር ይቀመጣል። መምህሩም በደብተሩ ላይ የየልጁን ሁኔታ ይጽፋል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

አነስተኛ ትምህርት ቤት ጉድለት ብቻ ያለበት አይደለም። አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። መምህሩ የልጁን ስም፣ የአባቱን ቤት፣ የታመመበትን ቀን ያውቃል። ወላጅም መምህሩን በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በለቅሶ ቤት ያገኘዋል። በከተማ ትልቅ ትምህርት ቤት ይህ በቀላሉ አይገኝም።

5. ጥሩ ትምህርት ቤት በምን ይታወቃል?

ብዙ ሰው «ቆርቆሮው አዲስ ነው፤ ግድግዳው ተለስኗል» ብሎ ትምህርት ቤቱን ያደንቃል። ቆርቆሮ ከዝናብ ያስጥላል እንጂ አያስተምርም። ጥሩ ትምህርት ቤት በእነዚህ አራት ነገሮች ይታወቃል።

አንደኛ፣ መምህር። መምህሩ በሰዓቱ ይገኛል? የየልጁን ንባብ ለብቻው ይሰማል? መምህር በብርድና በጭቃ ከሩቅ የሚመላለስ ከሆነ ደግሞ መንደሩ ሊያስብለት ይገባል። በአቅራቢያ ቤት ማግኘቱ ለልጆቹ ሰዓት መጨመር ነው።

ሁለተኛ፣ መጽሐፍ። መጽሐፉ በልጁ እጅ ነው ወይስ በሣጥን ተቆልፏል? አንዳንድ ቦታ «ይቀደዳል» ተብሎ መጽሐፍ ይቆለፋል። የተቀደደ መጽሐፍ ተነቦ ሊሆን ይችላል። የተቆለፈ መጽሐፍ ግን በእርግጥ አልተነበበም።

ሦስተኛ፣ ጊዜ። ይህ በአብዛኛው በኛ በወላጆች እጅ ነው። ልጅ በሳምንት አምስት ቀን ይማራል እንበል። ለገበያ ወይም ለከብት ጥበቃ በየሳምንቱ አንድ ቀን ቢቀር ምን ይሆናል? ከአምስት አንዱ ጠፋ ማለት ነው። በአምስት ዓመት ሲደመር አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ይጠፋል። አምስተኛ ክፍል የጨረሰው ልጅ የተማረው አራት ዓመት ብቻ ነው። በዚህ ላይ የአጨዳው ሰሞን ሲጨመርበት ጉዳቱ ይብሳል።

«ታዲያ በጉን ማን ይጠብቅ?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው እውነት ነው። በግ ያለ እረኛ አይውልም። ነገር ግን ገበሬ ሥራን መጋራት ያውቃል። ወንፈልና ደቦ የኛው ናቸው። አምስት ቤት በጎቻቸውን ባንድ ላይ ቢያሰማሩና ከየቤቱ አንድ አንድ ትልቅ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ተራ ቢይዝ፣ አምስቱም ቀን ይሸፈናል። የአምስቱም ቤት ልጆች ይማራሉ።

የሴት ልጅ ጊዜ ደግሞ ከወንዱ ይበልጥ ይባክናል። ውሃ እሷ ትቀዳለች፤ እንጨት እሷ ትለቅማለች፤ ሕፃን እሷ ታዝላለች። ከዚያም ማንበብ በጀመረች ጊዜ ለጋብቻ ትታጫለች። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አድርጎታል። የክልሉም ሕግ ይህንኑ ይዟል። በዚያች ምሽት ስህተቱን ያገኘችው እናት መሆኗን አትርሱ። ዛሬ የምታነብ ልጃገረድ ነገ የልጇን ንባብ የምትመረምር እናት ትሆናለች።

አራተኛ፣ ክትትል። ትምህርት ቤት የመምህሩ ብቻ አይደለም። የወላጅና የመምህራን ኅብረት ያለው ለዚህ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ መርሐ ግብር ሲካሄድ ለትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ የድጎማ ገንዘብ መስጠት ተጀምሮ ነበር። እንዲህ ያለ ገንዘብ ሲመጣ ለምን እንደሚውል ከወላጅ ጋር መመካከር ይገባል። ማንበብ የማይችል ወላጅ በስብሰባ ላይ እጁን ያወጣል፤ ይወጣል። ማንበብ የሚችል ወላጅ ግን «እስቲ ወረቀቱን አሳዩኝ» ይላል። ለቀለም ስንት፣ ለመጽሐፍ ስንት እንደዋለ ያያል። ይህ መብት ነው፤ ጠብ አይደለም።

6. በቤት የሚደረግ ምርመራ

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ልጃችሁን ዛሬ ማታ እንዲህ መርምሩት።

ሀ. ፊደሎችን ሳትከተሉ ከዚህም ከዚያም እየጠቆማችሁ «ይህ ማነው?» በሉት። ተራውን ከያዛችሁለት ዜማው ይረዳዋል።

ለ. ክፍል ውስጥ ያልደረሱበትን ገጽ ክፈቱ። ያላየውን ካነበበ በእውነት ያነባል።

ሐ. ሥዕሉን በእጃችሁ ሸፍኑት። ብዙ ልጅ ሥዕሉን አይቶ ይገምታል።

መ. ሲጨርስ መጽሐፉን ዝጉና «በል ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁት። በራሱ አነጋገር ከነገራችሁ ገብቶታል።

ሠ. አንድ ዓረፍተ ነገር እየተናገራችሁ አስጽፉት። ለምሳሌ «ነገ ጠዋት በጎቹን ወደ ሜዳ እናሰማራለን።» የጻፈውን እናንተው አንብቡት።

ልጁ ቢሳሳት አትቆጡ፤ አትምቱ። የተመታ ልጅ መጽሐፉን ይደብቃል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። በየማታው አንድ አንቀጽ አብራችሁ አንብቡ። እናንተም ብትሳሳቱ አትፈሩ። ልጁ ወላጁ ሲታገል ማየቱ ራሱ ትምህርት ነው። በዚህም ሁለት ሥራ ይሠራል። ልጁ ይለማመዳል፤ እናንተም የቆጠራችሁትን አትረሱም።

7. በሩ ሲዘጋስ?

ትምህርት ቤት ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ሰው አለቀ፤ ብዙ ቤተሰብም ተፈናቀለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ቀርተዋል። ጠመንጃ ሲጮህ መጀመሪያ ዝም የሚለው የትምህርት ቤት ደወል ነው።

የትምህርት ቤቱን በር ገበሬ ብቻውን ሊከፍተው አይችልም። ነገር ግን ማንበብ የሚችል ወላጅ ባለበት ቤት ትምህርት ጨርሶ አይዘጋም። አንድ አሮጌ መጽሐፍና አንድ ኩራዝ ቢኖር የልጁ ንባብ አይጠፋም። ጎረቤቱም ልጁን ሊልክ ይችላል።

ኑሯችንም በየጊዜው ይለዋወጣል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በፈረንጆች 1969 ተቋቋመ። በፈረንጆች 1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ የግጭ መንደር ሰዎች ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ማረሻ ለምዶ ከተማ የገባ ሰው ውል ይፈርማል፤ ደረሰኝ ይቀበላል፤ የባንክ ደብተር ይይዛል። ያልገባውን ወረቀት የሚፈርም ሰው ባልዘራው ዕዳ ያጭዳል። በሬው በጉልበቱ ያርሳል፤ ወረቀት ግን በጉልበት አይታረስም። የሸመደደ ልጅ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ አይረዳንም። ወረቀት ሁልጊዜ ያልተሸመደደ ገጽ ነውና።

8. ከዚያ ቤት ስንወጣ

ከመንደሩ ከመውጣታችን በፊት በነበረችው ማታ እናትና ልጅ እንደገና እሳት ዳር ተቀመጡ። እናትየዋ ሥዕሉን በመዳፋቸው ሸፈኑት። ልጁ ጣቱን ከመጀመሪያው ፊደል ላይ አኖረ። ዘገየ። ተንተባተበ። «ዶ... ዶሮ... ዶሮዋ...» አለ። አባቱ ሊነግሩት አፋቸውን ሲከፍቱ እናትየዋ በዓይናቸው ዝም አሰኟቸው። «ዶሮዋ... እንቁላል... ጣለች።»

አንድ መስመር ብቻ ነው ያነበበው። እንደ ፊተኛው ምሽት ድምፁ ጥርት አላለም፤ ፍጥነትም አልነበረው። ይሁን እንጂ ጣቱና አፉ አንድ ቦታ ነበሩ።

«ምን አደረገች?» አሉት እናቱ።

«እንቁላል ጣለች።» ልጁ ሳቀ። «የኛዋ ግን ጥላ አታውቅም!»

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ማንበብና መሸምደድ በምን ይለያያሉ? ከምታውቁት ምሳሌ ስጡ።
2. የኔታዎች ከ«ሀ ሁ» ቀጥለው «አቡጊዳ» የሚያስቆጥሩት ለምንድን ነው?
3. አንድ ልጅ በየሳምንቱ ሁለት ቀን ቢቀር በአምስት ዓመት ውስጥ ስንት የትምህርት ዓመት ይጠፋበታል? አስሉ።
4. በመንደራችሁ እረኝነትን በተራ ማድረግ ይቻላል? ምን ያስቸግራል? እንዴትስ ይፈታል?
5. በክፍል ስድስት የተጻፈውን ምርመራ በልጃችሁ ላይ ሞክሩ። ያገኛችሁትን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ለቡድናችሁ አንብቡ።

የቃላት ፍቺ

መሸምደድ፦ ሳይረዱ በቃል መያዝ።
ክትትል፦ አንድ ሥራ በሚገባ መሠራቱን እየተመለሱ ማየት።
ምዘና፦ የተማሪን ችሎታ መለካት።
ድጎማ፦ ለሥራ ማገዣ የሚሰጥ ገንዘብ።
ወንፈል፦ ዛሬ ለኔ፣ ነገ ላንተ ተባብሎ በተራ የሚሠራ ሥራ።